በቃሏ የያዘችው ቁጥር

እትዬ ገጽ የሚለውን ስም ያወጣላት ገንዘብ ያዡ ነው። ደንበኛ መስኮቷ ላይ አጎንብሶ የአንድን ሰነድ ዋጋ ሲጠይቃት ቀና ሳትል፣ "ስንት ገጽ ነው እሱ?" ትላለች፤ ጠያቂም መላሽም ራሷ ናት። ዋጋው የሚወጣው በገጽ ነበርና። እስከ አሥር ገጽ አንድ ዋጋ፣ እስከ ሃያ ሌላ ዋጋ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ገዢው "ወርቅ ተነጥፎበታል እንዴ?" የሚልበት ዋጋ። ወረቀቱ ስለ ምስማር ይናገር ስለ ድልድይ፣ ለዋጋው ለውጥ አልነበረውም።

የምትሠራው የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ጡብ ምን ያህል ጭነት መቻል እንዳለበት፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ውፍረቱ ስንት እንደሚሆን፣ የተማሪ ወንበር የስንት ኪሎ ሰው ቢቀመጥበት እንደማይሰበር የሚወሰነው እዚያ ነው። ተወስኖ ይጻፋል፣ ተጽፎ ይታተማል፣ ታትሞ በእሷ መስኮት ይሸጣል። መስኮቷ ወፍራም መስታወት ሲሆን ከታች በኩል ግማሽ ክብ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ዝቅ ብሎ ስለተሠራ ሰው ሁሉ የሚያናግራት ጎንበስ ብሎ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያየችው የሰው ግንባር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደዚያ መሥሪያ ቤት የገባችው በሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ለስድስት ወር ሥራ ብሎ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዶ በዚያው የቀረ ጊዜ። መጀመሪያ ሁለት ደብዳቤ ላከ፣ ቀጥሎ ሰላምታ በሰው ላከ፣ ከዚያ ሰላምታውም ቀረ። ልጅ አልነበራቸውም። ከታላቅ እህቷ ጋር አንድ ቤት ገቡና ሁለቱም እዚያው አረጁ። ሕይወቷን እንድታወራ ብትጠየቅ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰው ነበር፤ ሥራዋን ግን ከጀመረች አታቆምም።

ሰው ብዙ ጊዜ ይጠይቃት የነበረው፣ "ለመሆኑ ይሄ ነገር ለምን ይሸጣል?" እያለ ነው። ለሕዝብ ደኅንነት የተጻፈ ወረቀት ለሕዝብ በነጻ አይሰጥም ወይ? መልሱን ዓመታዊው ስብሰባ ላይ ከኃላፊዎች አፍ ስትሰማው ኖራለች። "ከበላይ የሚመደብልን ገንዘብ ለጥበቃና ለመብራት ነው የሚበቃው። እኔና እናንተ የምንበላው ወረቀት ነው" ብሎ ነበር የዛሬ ሦስት ዓመት የመጣው ወጣቱ ኃላፊ። ገንዘብ ያዡ ከኋላ ሆኖ፣ "ፍየሎች ነን ማለት ነዋ" አለና አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊው ግን ቀልዱን አልወደደውም፤ እውነት ስለሆነ ይሆናል። ፋብሪካዎቹ ይክፈሉ ቢባል ወረቀቱን ለራሳቸው እንዲመች አድርገው ያስጽፉታል። ማንም አይክፈል ቢባል የላቦራቶሪ ሠራተኞቹ በወሩ መጨረሻ ምን ይዘው ቤታቸው ይገባሉ? እትዬ ገጽ ይህን ለስንት ግንባር አስረድታለች። ታምንበት ነበር። ማስረዳቱ ግን አድክሟት ነበር።

አንድ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ትዝ ይላታል። ሰነዶቹን የሚጽፉት የውጭ ሰዎች ናቸው፤ አዋቂዎች በኮሚቴ ይሰበሰባሉ፣ ክፍያ የለውም፣ ሻይና ሁለት ብስኩት ብቻ። ይህ መሐንዲስ ስለ ፎቅ መውጫ ደረጃ እጀታ የሚናገረውን ሰነድ ለመጻፍ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ በሁለት አውቶቡስ ሲመላለስ ኖረ። ታትሞ ሲወጣ ደስ ብሎት አንድ ቅጂ ሊወስድ መጣ። የኮሚቴ አባል ስለሆነ ከዋጋው ትንሽ ይቀነስለታል አለችው።

"የራሴን ልጅ ልግዛ ነው የምትይኝ?" አላት።

"ቅናሽ አለው አባባ።"

ገዛው። ሲስቅ አብራው ለመሳቅ ሞከረች፤ አልወጣላትም።

ያኔ እያንዳንዱ ቅጂ ላይ ማህተም የሚመታው በእጅ ነበር። በየገጹ ግርጌ፣ "ለዚህ ሰው ብቻ የተሸጠ፤ ማባዛት ክልክል ነው" የሚል ማህተም ትመታለች፤ ባዶው ቦታ ላይ የገዢውን ስም በብዕር ትጽፋለች። ሠላሳ ገጽ ከሆነ ሠላሳ ጊዜ። ወረቀቱ ሾልኮ ገበያ ቢወጣ ከማን እጅ እንደወጣ እንዲታወቅ ነው። እጅ ገጽ ሲገልጥ ዓይን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሳትፈልገው ማንበብ ጀመረች፤ ሳታስበው በቃሏ ያዘችው። የጡብ ቁመት፣ የመሰላል መርገጫ ርቀት፣ የጋዝ ቱቦ ውፍረት፣ ሁሉም እንደ ዘመድ ስም አፏ ላይ ነበር። የትኛው ቁጥር የትኛው ገጽ ላይ፣ ከስንተኛው መሥመር እንዳለ ታውቃለች። መሐንዲሶቹ ራሳቸው ሲረሱ በስልክ ይጠይቋት የነበረበት ጊዜም ነበር።

የዛሬ ስድስት ዓመት ማሽኑ መጣ። የገዢውን ስም ጽፋ አንዲት ቁልፍ ስትጫን፣ ማተሚያው ስሙን በፈዘዘ ፊደል በየገጹ ላይ በሰያፍ እያወጣ ያትመዋል። ተሰፍቶ የሚወጣውን ወረቀት በቀዳዳው ታሳልፋለች፤ በቃ። የእጇ አንጓ ሕመም ተሻላት። ገጽ መግለጥ ግን ቀረ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ በወጣው ሰነድ ውስጥ ምን እንደተጻፈ አታውቅም ነበር። አለማወቋን ያስተዋለ ማንም የለም። እሷም ጭምር።

ከማሽኑ በኋላ የማንበቢያው ጠረጴዛ ተነሣ። ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ቁጭ ብሎ በነጻ የሚያነብበት አንድ ረጅም ጠረጴዛ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ነበር። ብዕር ክልክል ነው፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ዓይን ብቻ ነው የተፈቀደው። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ለስምንት ቀን እየተመላለሰ አንድ ሙሉ ሠንጠረዥ እንደ ፈተና ተማሪ እያነበነበ ሸምድዶት ሲወጣ አይታ በልቧ አጨብጭባለታለች። ኃላፊው ግን ይህን መሰሉን ነገር ሰምቶ ጠረጴዛውን አስነሣው። በቦታው አበባ ተቀመጠ፤ የላስቲክ።

አንድ ቀን ለምሳ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አንድ አናጺ መጣ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ የቀረበት ሰው ነበር።

"እንደምን ዋሉ እትዬ። የሕፃን አልጋ ደረጃ የሚባል አለ አሉኝ።"

"አለ።"

"ስንት ነው?"

"ሠላሳ አራት ገጽ ነው" አለችና ዋጋውን ነገረችው።

ግንባሩ ከቀዳዳው ራቅ አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። "እትዬ፣ እኔ ወረቀቱን ነው እንጂ ቤቱን አልገዛ።"

"ዋጋውን የምቆርጠው እኔ አይደለሁም ወንድሜ።"

"አውቃለሁ። ሰው ሲጨንቀው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚናገረው።" ከዚያ ነገሩን አስረዳት። አንድ ሐኪም ቤት ለሕፃናት ክፍሉ አርባ አልጋ አዟል። በዕድሜው እንዲህ ያለ ሥራ አግኝቶ አያውቅም። ውሉ ላይ "በደረጃው መሠረት" ይላል፤ ሲረከቡ በመለኪያ ነው የሚረከቡት፤ ሁለት ወር ሞልቶ በሚውለው ሰኞ ካልደረሰ ደግሞ ውሉ ይፈርሳል። ቅድሚያ በሰጡት ገንዘብ እንጨት ገዝቶበታል። "የማንበቢያ ጠረጴዛ ነበራቸው ያለኝ ሰው ነበር" አላት።

"ነበረ። ተነሥቷል።"

"ለምን?"

"ሰው እያነበበ ይሄዳል ተብሎ።"

"ታዲያ የማንበቢያ አልነበረም እንዴ?"

 እውነቱን ልንገረው ብላ፣ "ደግሞ እሱን ብትገዛም አያበቃም" አለችው። "ስለ መለኪያው ሌላ ሰነድ ተመልከት ይላል። ስለ ቀለሙም ሌላ።"

"እነሱም ይሸጣሉ?"

"ይሸጣሉ።"

"እነሱስ ሌላ ተመልከት ይላሉ?"

"አንደኛው ይላል።"

አናጺው ሳቀ። ደክሞት ነበር የሚስቀው። "ይሄ እንግዲህ ዘመድ ጥየቃ ነው እንጂ ግዢ አይደለም። እትዬ፣ አንዲት ቁጥር ብቻ ይንገሩኝ። የጎኑ አጥር ቋሚ እንጨቶች አሉ አይደል? በእነሱ መካከል ያለው ክፍተት። እሷን ካወቅሁ ሌላውን እጄ ያውቀዋል።"

ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ትልልቅ ፊደል ነበር። "የሰነድ ይዘት በአፍ መንገር ክልክል ነው።" እትዬ ገጽ ወደ ገንዘብ ያዡ ወንበር ዞር ብላ አየች፤ ቀደም ብሎ ለምሳ ወጥቷል። ቁጥሩ ደግሞ ገና ሳትፈልገው መጥቶ ምላሷ ላይ ተቀምጧል፤ ገጽ ዘጠኝ፣ ከላይ አራተኛው መሥመር።

"ሰባት ተኩል ሴንቲሜትር አይለፍ" አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ሰባት ተኩል።"

"አይለፍ።"

አመስግኗት ሄደ። ስሙን ነገራት፤ ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ጎማ ጠጋኙ አጠገብ እንደሆነ፣ አልጋ የሚያስፈልጋት ጊዜ እንድትመጣ ነግሯት ሄደ። ምሳዋን ስትበላ ልቧ ቀለል ብሎት ነበር። አንድ ሰው እንኳ የመጣበትን ነገር ይዞ ሄደ ብላ።

ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ የአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ መልእክተኛ ያንኑ ሰነድ ሊገዛ መጣ። ቁልፉን ተጫነች። ማተሚያው ጥቂት ገጽ አወጣና ጉሮሮው ተዘጋ። ክዳኑን ከፍታ የተጨማደደውን ወረቀት ስባ አወጣችና መበላሸት አለመበላሸቱን ለማየት የመስኮቱ መስታወት ላይ ዘረጋችው። ገጽ ዘጠኝ ነበር። ከላይ አራተኛው መሥመር።

"በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከስድስት ተኩል ሴንቲሜትር መብለጥ፣ ከአራት ተኩል ሴንቲሜትር ማነስ የለበትም።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ግርጌው ላይ፣ "ሁለተኛ እትም" ይላል። የወጣው የዛሬ አምስት ዓመት ነው፤ ማሽኑ በመጣ በዓመቱ። ከዚያ ወዲህ በእሷ መስኮት የተሸጠው ቅጂ ስንት ነው? ሁሉንም በእጇ አሳልፋዋለች። አንዱንም አላየችውም።

መልእክተኛው፣ "እትዬ፣ አልቋል?" አላት።

"እየደረሰ ነው" አለችው።

ቤት ስትገባ እህቷ ሻይ አፍልታ ጠበቀቻት። ታላቅ እህቷ ሠላሳ ዓመት በነርስነት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ አንደበቷ እንደ መርፌዋ የሚወጋ ሴት ናት። "ወረቀት ስትሸጪ ወረቀት መሰልሽ፤ ምን ሆንሽ?" አለቻት።

ነገረቻት። ለአንድ ሰው ቁጥር በአፏ እንደነገረች፣ ቁጥሩ የተሻረ እንደሆነ፣ ሰውዬው ሰኞ ሥራውን እንደሚያስረክብ።

"ማን ሰማሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ያንቆራጥጥሻል? ዝም አይነቅዝም። ጡረታሽ አምስት ወር ነው የቀረው። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ። የራሱን ሥራ በነጻ ሊጨርስ የመጣ ሰው የራሱን ጣጣ ይቻለው።" ሻይዋን ፉት አለች። "የምንድን ነው ለመሆኑ ቁጥሩ? የብሎን ነው?"

"የሕፃን አልጋ። የጎኑ አጥር ክፍተት።"

እህቷ ሲኒውን አስቀመጠች። 

"ሕፃን ሲንሸራተት በእግሩ ነው የሚጀምረው" አለች ከዚያ። "እግሩ ያልፋል። ዳሌው ያልፋል። ደረቱም ያልፋል። ራሱ ላይ ሲደርስ አያልፍም።" ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ክፍተታቸውን ታይ ነበር። "አንድ ጊዜ ተረኛ ሆኜ አይቻለሁ። ደረስንለት። ሁልጊዜ ግን አይደረስም።"

"ምን ላድርግ?"

"ምን አባሽ ታደርጊያለሽ? ጠዋት ተነሥተሽ ሂጂ እንጂ።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እትዬ ገጽ ያንን ሌሊት ስትገላበጥ ያደረችው በዚሁ ነው። ጠዋት መጀመሪያ መሥሪያ ቤቷ ገባች። ገንዘብ ያዡ ፊት ቆማ፣ ሰነዱን በአናጺው ስም አስመዝግባ፣ ዋጋውን ከራሷ ቦርሳ ከፈለች። የወር ደመወዟ ሲሶ ነበር። ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን እየቆረጠ፣ "ምነው፣ አልጋ ልትሠሪ ነው?" አላት። "ዘመድ ልኮኝ ነው" አለችው። የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ ወጣች።

የአናጺው ሱቅ ጎማ ጠጋኙ አጠገብ ነበር፤ በሩ ሰፊ፣ ውስጡ የኮላና የእንጨት ሽታ። አልጋዎቹ በሦስት ረድፍ ቆመዋል። ሚስቱ አንዱን ቨርኒሽ ትቀባለች። አናጺው ሲያያት ፊቱ በራ።

"እትዬ! ይግቡ፣ ይግቡ። እኚህ ናቸው ያልኩሽ" አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። ሜትር አንስቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። "ይለኩት። የትኛውም ጋ ይለኩት፤ ከሰባት ተኩል አንዲት ጸጉር አያልፍም።"

ስለ ወንበር፣ ስለ መሰላል፣ ስለ አልጋ የሚናገር ስንት ሺህ ገጽ ሸጣለች። ወረቀቱ የሚናገርለትን ነገር ግን በእጇ ነክታው አታውቅም ነበር። የላይኛውን እንጨት ዳበሰችው። ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሷል፤ የሕፃን ድድ ቢነክሰው እንኳ አይጎዳውም። ሜትሩን ክፍተቱ ላይ አደረገች። ሰባት ተኩል። ቀጣዩም ሰባት ተኩል። ሥራው ቢከፋ ኖሮ መናገሩ በቀለላት።

"ወንድሜ፣ ቁጥሩ ተሳስቷል" አለችው። "የነገርኩህ የድሮውን ነው። ተለውጧል። አሁን ከስድስት ተኩል ማለፍ የለበትም።"

አናጺው መላጊያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣው፣ መልሶ አስቀመጠው። ሚስቱ ብሩሹን ቆርቆሮው አፍ ላይ አጋድማ ቆመች።

"መቼ ነው የተለወጠው?" አለ።

"አምስት ዓመት ሆኖታል።"

"እኔ የመጣሁት የዛሬ ሁለት ወር ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

ሚስቱ፣ "በየመሃሉ አንዳንድ እንጨት ብንጨምርስ?" አለች።

"ክፍተቱ ሁለት ተኩል ይሆናል" አለ አናጺው።

"ያም አይሆንም፤ ከአራት ተኩል ካነሰ እጃቸው ይያዛል" አለች እትዬ ገጽ።

"የላይና የታቹ አግዳሚ ሁሉ እንደ አዲስ መሰርሰር አለበት ማለት ነው። ቋሚዎቹ ይተርፋሉ፤ ጥቂት ይጨመርባቸዋል። አግዳሚዎቹ ግን ማገዶ ናቸው።" በአፉ ያሰላ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ አያትና፣ "ሌላስ ምን ተለውጧል?" አላት።

"አላውቅም" አለችው። ከቦርሳዋ ሰነዱን አውጥታ ሰጠችው። "እኔ ልነግርህ አልችልም። አንብበው።"

አናጺው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ፣ ሁለተኛውን ገለጠ። በየገጹ ላይ በሰያፍ የራሱ ስም ነበር። "ሠላሳ አራት ጊዜ ስሜን ጽፈው ያመጡልኝ ምን ልሁን ብለው ነው? ከፍለው ነው?"

"እሱን ተወው። ስንት ቀን ይፈጅብሃል?"

"እንጨቱን በዱቤ ካገኘሁ፣ እኔና እሷ እንቅልፍ ካጣን፣ አሥር ቀን። እነሱ ግን ከሰኞ ወዲያ አንድ ቀን አይሰጡም። የግዢ ክፍሉን ሰውዬ አያውቁትም። ምክንያት በጽሑፍ ከሚመለከተው አካል ካልመጣ ጸሎትም አይሰማ።" ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "ግድ የለም፣ የእርስዎን ስም አላነሣም። ታምሜ ነበር እላለሁ።"

"ሐኪም ቤት ገብተህ ነው ታምሜ ነበር የምትለው?" አለች ሚስቱ። "እዚያው መርምረው ይልኩሃል።"

ሦስቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። እትዬ ገጽ አጠገቧ ባለው ያላለቀ አልጋ ላይ እጇን አሳርፋ ቆመች። ዝም ብላ ብትሄድ የሚከለክላት አልነበረም። ሰውዬው ስሟን እንደማይጠራ ነግሯታል። ወረቀቱንም ከፍላ አምጥታለታለች። ነገር ግን ሰኞ ውሉ ሲፈርስ ይህ ሁሉ እንጨት የት ይሄዳል? ይህ ሰው ዕዳውን ለመክፈል እነዚህን አልጋዎች ገበያ አውጥቶ ቢሸጣቸውስ? የሚገዛው ሰው ሜትር ይዞ አይመጣም።

"ብዕር ስጠኝ" አለችው።

የእንጨቱን ፍቅፋቂ በክንዷ ጠርጋ ጠረጴዛው ላይ ጻፈች። ደብዳቤው አጭር ነበር። በደረጃዎች መሥሪያ ቤት የሽያጭ ሠራተኛ መሆኗን፣ አናጺው ሊገዛ በመጣ ጊዜ የተሻረውን ቁጥር በአፏ የነገረችው እሷ መሆኗን፣ ሠሪው በተነገረው ልክ በትክክል መሥራቱን፣ ለማረም አሥር ቀን እንዲሰጠው በትሕትና መጠየቋን ጻፈች። ስሟን፣ ፊርማዋንና የመሥሪያ ቤቷን ስልክ ጨመረችበት። ከአናጺው ጋር ወደ ሐኪም ቤቱ ሄደች።

የግዢ ክፍሉ ሰው ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባውን ሳይቀር አየ። "ማህተም የለውም።"

"የለውም። ስልኩ ግን አለ፤ ደውለው ያረጋግጡ።"

"እርግጠኛ ነዎት ወይዘሮ? ከደወልኩ ይሰማሉ።"

"ይስሙ።"

ደወለ። ሲያናግሩት ጥቂት አዳመጠ፣ ሁለት ጊዜ "እሺ" አለ፣ ዘጋ። የቀን መቁጠሪያውን ገልጦ በቀይ ብዕር አንድ ቀን አከበበ። "አሥር ቀን። አሥራ አንደኛው የለም።"

ከሰዓት ስትመለስ ኃላፊው ቢሮ ተጠራች። ወጣቱ ኃላፊ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይቀላት ነበር። ወንበር ሰጣትና ደብዳቤዋን በስልክ የሰማውን ያህል ደገመላት።

"ቢያንስ መጀመሪያ እኔን አያማክሩኝም ነበር?" አላት።

"ብነግርዎ ስብሰባ ይጠራ ነበር። ሰኞ ደግሞ ስብሰባ አይጠብቅም።"

"መሥሪያ ቤቱ የተሻረ ቁጥር ያድላል የሚል ወሬ ቢወጣ ማን ነው የሚገዛን? ላቦራቶሪው ውስጥ ያሉት አሥራ ሰባት ሰዎች ከየት ይብሉ? ጠረጴዛውን ሳስነሣ ሁላችሁም በሐሜት ፈጃችሁኝ። ያን ዓመት ሽያጩ ጨመረ፣ ደመወዝ ሳይጓደል ተከፈለ። ሐሰት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ጠረጴዛው ቢኖር ኖሮ ሰውዬው ራሱ አንብቦ ይሄድ ነበር፤ ይሄም እውነት ነው" አለ ኃላፊው ወደ መስኮቱ እያየ፣ ለራሱ እንደሚናገር። "ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"አላውቅም ልጄ። እኔም የበላሁት ከዚያው ነው።"

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት። ከመስኮቱ ተነሥታ ወደ ምድር ቤቱ መዝገብ ክፍል ተዛወረች። የዓመቱ ጭማሪ ቀረባት፤ ጡረታ የሚሰላው ከመጨረሻው ደመወዝ ስለሆነ ይህ ጭማሪ ዕድሜ ልኳን ቀረባት ማለት ነው። እህቷ ስትሰማ ሂሳቡን በጣቷ ልትቆጥር ጀምራ ተወችው። "ደግ" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ ስኳር በልክ ነው።"

መዝገብ ክፍሉ ከፍ ብሎ የተሠራ አንድ ትንሽ መስኮት አለው፤ በሱ የሚታየው የሚያልፍ ሰው ጫማ ነው። ሥራዋ አሮጌ ሰነዶችን በዓመት በዓመታቸው እየለየች ማሰር ነበር። ትለያለች፣ ታስራለች፣ ወገቧን ይዛ ቀና ትላለች። ቀኑን የምትቆጥረው ለጡረታዋ አልነበረም። አሥር ቀን ነበር የምትቆጥረው። በሰባተኛው ቀን ወደ ሱቁ ብቅ ብላ ባልና ሚስቱ ዓይናቸው ደም ለብሶ፣ አንዱ ሲሰረስር ሌላው ሲያጣብቅ አይታ፣ ሳታስቸግራቸው ከበር ተመልሳለች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት የመዝገብ ክፍሉ ስልክ ጮኸ። ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ደውሎ ያገናኙት አናጺው ነበር።

"ተረከቡኝ እትዬ።"

መጀመሪያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። "አርባውንም?"

"ሠላሳ ዘጠኙን። ሰውዬው እንደ ሾጣጣ ያለ መለኪያ ይዞ በየክፍተቱ ሲያስገባ ዋለ። አያልፍም፣ አያልፍም፣ አያልፍም ይላል። እኔ ነፍሴ ልትወጣ። አንዷ ላይ አለፈበት፤ የደከመን ቀን የሠራናት ናት። እሷን ነገ አስተካክዬ እወስዳለሁ፤ እሺ ብሏል።"

"እሰይ። ሚስትህስ?"

"ተኝታለች። ከትናንት ጀምሮ ተኝታለች።" ከዚያ ቀጠለ። "እትዬ፣ ሌላ ሥራ ሰጡኝ። የሕፃናት መመገቢያ ወንበር፣ ሃያ አምስት። ማሰሪያው ከመቀመጫው ስንት ከፍ ይላል?"

ቁጥሩ መጣ። ሳይጠሩት እንደሚመጣ ሰው መጣና ምላሷ ላይ ተቀመጠ፤ ገጹን ታየዋለች፣ መሥመሩን ታየዋለች፣ ከጎኑ ያለችው ትንሽ ሥዕል ሳትቀር ትታያታለች። አፏን ዘግታ እስኪያልፍ ጠበቀችው።

"አላውቅም" አለችው።

"እርስዎ አያውቁም?"

"የድሮውን ነው የማውቀው። ሄደህ ግዛው ወንድሜ።"

አናጺው ተነፈሰ። "እሺ። ዋጋው ያው ነው?"

"ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጨምሯል።"

 አናጺው ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፤ አቧራው ጉሮሮዋን ያዛትና ስልኩን ከአፏ ራቅ አድርጋ ብዙ ሳለች።